ሃያ ዓመት የተኛ የጀልባ ሞተር፦ ከድሬዳዋ የተጻፈ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሚያዝያ 26 ቀን 2016 ዓ.ም.

ዛሬ ረፋዱ ላይ አንድ የሐረማያ ወዳጄ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኖ፣ በሁለት ጆንያ ጠቅልሎ ያመጣው አሮጌ የጀልባ ሞተር ሳቢያን በሚገኘው ቤቴ በረንዳ ላይ አርፏል። ሞተሩ ከጀልባው ጀርባ በሁለት ማጥበቂያ ብሎን የሚታሰር፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ባለ ሁለት ምት፣ አምስት የፈረስ ጉልበት ያለው ሲሆን፣ ባትሪ የሌለውና በገመድ ተጎትቶ የሚነሳ ነው። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ አጋማሽ ጨርሶ እስኪደርቅ ድረስ የወዳጄ አባት መረብ ለመጣል ይጠቀሙበት ነበር፤ ሐይቁ ሲደርቅ ጀልባው ተፈልጦ ለማገዶ ዋለ፣ ሞተሩ ብቻ ከጓዳ ጥግ ቀረ። ውሃው በቅርብ ዓመታት በመመለሱ ልጁ አዲስ ጀልባ አሠርቷል።

«ጋሼ፣ አምስት ቀን ሙሉ ስጎትት ክንዴ ዛለ፤ እስኪ እርስዎ አንዴ ይዩልኝ» አለኝ።

ድሬዳዋ ላይ የጀልባ ሞተር መጠገን ሰሚን ያስቃል፤ በከተማችን መሐል የሚያልፈው ደቻቱ እንኳ የዓመቱን አብዛኛውን ቀን ውሃ ሳይሆን አሸዋ ነው የሚታይበት። እኔም እጄን ያሟሸሁት በባጃጅና በሞተር ሳይክል እንጂ በጀልባ አይደለም። ሆኖም ባለ ሁለት ምት ሞተር የትም ቢታሰር አሠራሩ አንድ ነው፦ በቂ ኮምፕረሽን (በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቅ አየር ግፊት)፣ በትክክለኛው ጊዜ የሚመጣ እሳት፣ በልኩ የተቀላቀለ ቤንዚንና አየር። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አይነሳም፤ ሁለቱ ከጎደሉ ደግሞ አንዱን ያስተካከለ ሰው ምንም እንዳልሠራ ይመስለዋል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለመቀየርና የቀየርኩትን ሁሉ እዚህ ለመጻፍ ወስኛለሁ።

ገመዱን ዛሬ አልጎተትኩም። ካንዴላውን፣ ማለትም እሳቱን የሚፈነጥቀውን ዕቃ፣ ፈትቼ በቀዳዳው ጥቂት ዘይት አፍስሼ ቮላኖውን፣ ማለትም ዘንጉ አናት ላይ ያለውን ከባድ ተሽከርካሪ ብረት፣ በእጄ ቀስ አድርጌ ወደ ቀኝ አዞርኩት፤ ሳይነክስና ሳይንኳኳ ዞረ። የታችኛውን የማርሽ ቤት መክፈቻ ብሎን ላላ ሳደርግ የወጣው ዘይት ጠቁሮ ያረጀ እንጂ የነጣ ወይም ወተት የመሰለ አልነበረም፤ ይህም በፕሮፔለሩ ዘንግ ላይ ያለው ፓራኦሊዮ፣ ማለትም የማሸጊያ ጎማው፣ ውሃ እንዳላስገባ ያሳያል። ለዛሬ ይህ በቂ ደስታ ነው።

ሚያዝያ 27

ከባጃጅ ሠሪ ጎረቤቴ የተዋስኩትን የኮምፕረሽን መለኪያ በካንዴላው ቀዳዳ አስገብቼ፣ የጋዙን እጀታ ሙሉ በሙሉ ከፍቼ ስድስት ጊዜ ጎተትኩ። መለኪያው 95 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ አሃድ) ላይ ቆመ። የባሕር ዳርቻ ሰው ይህን ቁጥር ቢያይ ግንባሩን ይቋጥር ይሆናል፤ ነገር ግን ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የምትገኝ በመሆኗ እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 87 በመቶ ያህሉ ነው። መለኪያውም በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። ፋሻዎቹ (የፒስተኑ ቀለበቶች) ደህና ናቸው፣ ቴስታታውም (የሲሊንደሩ ክዳን) አይተነፍስም ብዬ ወደ እሳቱ አለፍኩ።

አዲስ ካንዴላ በገመዱ ጫፍ ላይ ሰክቼ የብረት አካሉን ከሞተሩ ንጹህ ብረት ጋር አስነክቼ ሳስጎትት ምንም እሳት የለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቮላኖውን ለመንቀል ይጣደፋል። እኔ ግን በባጃጅ ስንት ጊዜ እንደተታለልኩ ስለማስታውስ በመጀመሪያ የማጥፊያ ቁልፉን ሽቦ ከመጋጠሚያው ነቀልኩት። እንዲህ ባለ ሞተር ላይ ማጥፊያው የሚሠራው ኤሌክትሪክ በመቁረጥ ሳይሆን እሳቱን ከሞተሩ አካል ጋር በማገናኘት ነው፤ ቁልፉ ውስጡ ዝጎ ከተጣበቀ ሞተሩ ዘላለሙን «ጥፋ» እንደተባለ ይቆያል። ሽቦውን ነቅዬ ደግሜ ሳስጎትት ከካንዴላው ጫፍ ላይ ቀጭን ብርሃን ዘለለች።

ብርሃኗ ቀጭንና ወደ ቀይ ያዘነበለች እንደነበረች ዛሬ በግልጽ መጻፍ ነበረብኝ፤ የጻፍኩት ግን «እሳት አለ» ብቻ ነው። ይህን ዐረፍተ ነገር የጨመርኩት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

ሽቦው ተነቅሎ ሳለ ሞተሩ ቢነሳ በቁልፍ አይጠፋም። ማነቂያውን፣ ማለትም ቾኩን፣ ጥርቅም አድርጎ በመዝጋት በቤንዚን ብዛት ማፈን ይቻላል፤ ያን ሳያውቁ መጀመር ግን አደገኛ ነው።

ሚያዝያ 29

ዛሬ የቤንዚኑን መንገድ ከታንከር እስከ ካርቡሬተር ተከተልኩ። ታንከሩ ውስጥ የቀረው ነገር ቤንዚን መባሉ ቀርቶ የቫርኒሽ ሽታ ያለው ቡናማ ዝቃጭ ሆኗል፤ እንደ ድሬዳዋ ባለ ሙቀት ብቻ ሳይሆን በሐረማያ ብርድም ሃያ ዓመት ለቤንዚን ብዙ ነው። ቱቦው እንደ ደረቅ ቆዳ ተሰነጣጥቋል። በቱቦው መሐል የሚገኘው በእጅ የሚጨመቀው የጎማ ኳስም ጠንክሮ ስለነበር ሁለቱንም በአዲስ ቀየርኩ።

ካርቡሬተሩን ፈትቼ ነጭ ጨርቅ ላይ ዘረጋሁት። የታችኛውን ጎድጓዳ ሳህን ስከፍት ከሥሩ የተጋገረ አረንጓዴ ነገር አገኘሁ፤ የነሐስ ዝገትና የደረቀ ቤንዚን ተደባልቆ ጣት ሲነካው እንደ ሰም የሚላላ ነው። ተንሳፋፊው ቀዳዳ የለውም፤ ጆሮዬ አጠገብ ነቅንቄው የቤንዚን ድምፅ አልሰማሁም። ዋናው የቤንዚን መመጠኛ፣ ማለትም መሐሏ እንደ ፀጉር የቀጠነ ቀዳዳ ያላት የነሐስ ብሎን፣ ወደ ፀሐይ ስይዛት ብርሃን አላሳለፈችም። ከእርሷ የምታንሰው የዝግታ መመጠኛማ ጨርሳ ተደፍናለች። ሞተሩ ሲነሳና ጋዝ ሳይሰጠው በዝግታ ሲሠራ የሚጠጣው በዚህችኛዋ በኩል ነውና፣ ወዳጄ አምስት ቀን መጎተቱ በዚህ ምክንያት ብቻ እንኳ ከንቱ ልፋት ነበር።

እነዚህን ቀዳዳዎች በብረት ሽቦ ወይም በመርፌ መጎርጎር ያበላሻቸዋል፤ ነሐስ ለስላሳ ስለሆነ ቀዳዳው በትንሹ ይሰፋና መጠኑ ለዘለዓለም ይዛባል። እኔ ከመብራት ገመድ ውስጥ አንዲት የመዳብ ክር መዝዤ፣ ክፍሎቹን ሌሊቱን በቤንዚን ዘፍዝፌ ካሳደርኩ በኋላ ክሯን በቀስታ አሳለፍኳት፤ ከዚያ ጎሚስታው ዘንድ ወስጄ በአየር አስነፋኋቸው። አሁን ሁለቱም ቀዳዳዎች ፀሐይን ክብ አድርገው ያሳያሉ። አዲስ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ከወፍራም የቤንዚን ወረቀት በመቀስ ቆርጬ ገጠምኩ።

ግንቦት 1

አዲሱን ቱቦ አስሬ ኳሱን ብጨምቅ ብጨምቅ አልጠነክር አለኝ። ግንኙነቶቹን በሳሙና ውሃ እየቀባሁ አረፋ ፈለግሁ፣ የታንከሩን የአየር ማስገቢያ ብሎን ከፈትኩ ዘጋሁ፣ የቤንዚን ፓምፑን ስስ ሽፋን ፈትቼ አየሁ። ሁሉም ደህና ነው። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ልጄ ሻይ ይዛ መጥታ «አባዬ፣ ይሄ ቀስት ለምንድን ነው ወደ ታንከሩ የሚያሳየው?» አለችኝ። ኳሱ ውስጥ ቤንዚን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ሁለት መዝጊያዎች አሉ፤ ቀስቱም ወደ ሞተሩ ማሳየት አለበት። ገልብጬ አሰርኩት፤ በስምንት ጭመቃ ጠነከረ። ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር።

ግንቦት 3

ሞተሩ ቢነሳ ኖሮ ዛሬ እጎዳው ነበር። የታችኛውን ክፍል ፈትቼ የውሃ ፓምፑን ስከፍት የጎማው ክንፎች ሁሉም ወደ አንድ ወገን ተጣጥፈው በዚያው ደርቀዋል፤ አንዱ ከሥሩ ተቀንጥሷል። የጀልባ ሞተር ራዲያተር የለውም፤ የሚቀዘቅዘው ይህ የጎማ መሽከርከሪያ ከሐይቁ ውሃ እየሳበ በሲሊንደሩ ዙሪያ ስለሚያሳልፍ ብቻ ነው። ያለ ውሃ ሲሽከረከር ጎማው በጥቂት ሰከንድ ይቃጠላል፣ ቀጥሎ ፒስተኑ ይነክሳል። ወዳጄ ሞተሩን በደረቁ መጎተቱን ስነግረው አቀረቀረ። የተቀነጠሰው ክንፍ የውሃ መንገዱን እንዳይዘጋ ፈልጌ እስካገኘው ድረስ ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀብኝ፤ ከመዳብ ቱቦው አፍ ላይ ተሰክቶ አገኘሁት።

ይህን ዕቃ በከተማችን ገበያዎች፣ በቀፊራም በአሸዋም፣ ማንም አያውቀው። ባሕር ዳር የሚኖር የአጎቴ ልጅ በልኩና በክንፎቹ ብዛት ፈልጎ እንዲልክልኝ ፎቶውን ከማስመሪያ ጋር አንስቼ ላክሁለት።

ግንቦት 10

ዕቃው ትናንት በአውቶቡስ ደረሰ። ክንፎቹን ጥቂት ግራሶ ቀብቼ ዘንጉ በሚዞርበት አቅጣጫ እያጠፍኩ ገጠምኩ። ቱቦውንም የማርሽ መለወጫውን ዘንግም ሳላጣምም የታችኛውን ክፍል ስመልስ ላቤ ዓይኔን አቃጠለው።

ግማሽ በርሜል በእንጨት መደገፊያ ላይ አቁሜ ሞተሩን አሰርኩበትና ውሃው ከፕሮፔለሩ በላይ ያለውን ጠፍጣፋ ብረት እስኪሸፍን ሞላሁት። ቤንዚኑን ከባለ ሁለት ምት ዘይት ጋር 50 ለ 1 ቀላቀልኩ፤ በአንድ ሊትር 20 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ለባጃጅ የሚሸጠውን ዘይት ለሙከራ ብቻ እጠቀምበታለሁ። የጀልባ ሞተር በውሃ ስለሚቀዘቅዝ ከባጃጅ ያነሰ ሙቀት ላይ ይሠራል፣ አመድ የማይተው ዘይትም ይፈልጋል፤ ለሐይቁ ቆርቆሮው ላይ «ቲሲ ደብልዩ ሦስት» የሚል ያለበትን እንዲገዛ ለወዳጄ ነግሬዋለሁ።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቾኩን ዘግቼ በሦስተኛው ጉተታ አንዴ ተኮሰ፤ ቾኩን ግማሽ ከፍቼ በአምስተኛው ተነሳ። ግቢው በሰማያዊ ጭስ ተሞላ፤ ዶሮዎቹ አጥሩን ዘለው ወጡ። ከኋላ ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ውሃው እንደ ሽንት ቀጥ ብሎ መውጣት ሲጀምር ነው ትንፋሼን የለቀቅሁት። ስምንት ደቂቃ አሠርቼ በቾኩ አፍኜ አጠፋሁት፣ ወዳጄ ጋም ደወልኩ።

ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ከሐረማያ ድረስ ወርዶ መጣ። ሠላሳ ጊዜ ያህል ጎተትኩለት። አልተነሳም። «ጋሼ፣ አብሽሩ፤ እኔም እንዲሁ ነበር ያረገኝ» ብሎ ሊያጽናናኝ ሲሞክር ይበልጥ አፈርኩ።

ግንቦት 11 እስከ 14

እነዚህን አራት ቀናት በአንድ ላይ የምጽፈው የአንድ ጥያቄ ቀናት ስለሆኑ ነው። ጠዋት ላይ ሞተሩ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ጉተታ ይነሳል፤ ከሰዓት በኋላ፣ በረንዳው ላይ ያለው ቴርሞሜትር 35 ዲግሪ ሲያሳይ፣ ጨርሶ አይነሳም። ማታ ደግሞ እንደገና ይነሳል።

በመጀመሪያ የጠረጠርኩት ቤንዚኑን ነበር፤ በሙቀት ቱቦው ውስጥ ተንኖ አረፋ ይሠራል ብዬ አሰብኩ። የድሬዳዋ ሰው ለሁሉም ነገር ሙቀቱን መክሰስ ይቀናዋልና እኔም ከዚያ አላመለጥኩም። ቱቦውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ታንከሩን ጥላ ውስጥ አስቀምጬ አንድ ሙሉ ቀን አባከንኩ። ለውጥ አልነበረም። መልሱ ካንዴላው ላይ ነበር፤ ካንዴላውን ከሠላሳ ጉተታ በኋላ ስፈታው በቤንዚን ርሷል። ቤንዚን ከታች ባይደርስ ኖሮ ደረቅ መሆን ነበረበት። እርጥብ ካንዴላ ከማይነሳ ሞተር ጋር ሲገናኝ የሚናገረው ነገር «ቤንዚኑ ደርሷል፤ የሚያቀጣጥለው ግን የለም» ነው። ይህን ለባጃጅ ልጆች ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ፤ ለራሴ ለመናገር ሁለት ቀን ወሰደብኝ።

በ13 ጠዋት ሞተሩን ሆን ብዬ ሳላጠፋው አቆየሁት። አሥራ አራተኛው ደቂቃ ላይ መንተባተብ ጀመረ፣ ቀጥሎ ጠፋ። የአየሩ ሙቀት ገና 26 ዲግሪ ነበር። ስለዚህ ችግሩ የከሰዓቱ ፀሐይ ብቻ ሳይሆን ከቮላኖው ሥር የሚጠራቀመው የሞተሩ የራሱ ሙቀትም ነው። ወዲያው የእሳቱን ጉልበት ለካሁ፦ የካንዴላውን ገመድ ጫፍ በደረቅ እንጨት ይዤ፣ በገመዱ ውስጥ በሰካሁት ምስማርና በሞተሩ ብረት መካከል ስድስት ሚሊ ሜትር ክፍተት ትቼ ወዳጄን አስጎተትኩት። (ይህን ሲያደርጉ የካንዴላው ቀዳዳ በጨርቅ መደፈን፣ ቤንዚኑም መራቅ አለበት።) ሞተሩ ሲቀዘቅዝ እሳቱ ስድስቱን ሚሊ ሜትር ሰማያዊ ሆኖ፣ «ቀጭ» እያለ ይዘላል። ሲሞቅ ሁለት ሚሊ ሜትር እንኳ በግድ ነው፤ ቀለሙም የሚያዝያ 27ቱ ቀይ ነው። በዚያን ቀን ማስታወሻዬ ላይ ቀለሙን ጽፌ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ መንገድ አልዞርም ነበር።

ግንቦት 15

ቮላኖው ተነቀለ። መንቀያውን ከወፍራም ብረት አስቆርጬ በሦስት ብሎን ሠራሁት። ዘንጉን በመዶሻ እየመቱ የሚነቅሉ ሰዎች አይቻለሁ፤ ኩሽኔታው ሲሰበር ወይም ማግኔቱ ሲዳከም ደግሞ ዕቃውን ይሳደባሉ። ቮላኖውን ከዘንጉ ጋር የምታቆልፈው ትንሿ ቁራጭ ብረት አልተቆረጠችም፤ እሷ ብትቆረጥ ኖሮ እሳቱ የሚመጣበት ጊዜ ይዛባ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነውን ያለ አዛውንቱ ጎረቤቴ መጻፍ አልችልም። በባቡር ጥገናው ወርክሾፕ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው፤ ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በፈረንጆች 1902 ነውና በዚህች ከተማ ብረት ማንበብ ከአያት የሚወረስ ሙያ ነው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው በማጉያ መነጽር የእሳት መቆራረጫ ነጥቦቹን ተመለከቱ።

«ይህን አይተኸዋል?» አሉኝ።

«ጠቁሯል፤ በብርጭቆ ወረቀት ልጠርገው ነበር፣ ጋሼ።»

«ብትጠርገው ምስክሩን ታጠፋው ነበር። ጠጋ በል፣ ልጄ።»

በማጉያው ስመለከት ከሁለቱ ነጥቦች አንደኛው ላይ እንደ ምስር ፍሬ ሩብ የምታክል ጉብታ ተከምራለች፤ በትይዩዋ ባለው ላይ ደግሞ በዚያው ልክ ጉድጓድ ተቆፍሯል። ብረቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ተጉዟል። ነጥቦቹ በሚላቀቁበት ቅጽበት ኤሌክትሪኩ በክፍተቱ ላይ ሊዘል ይሞክራል፤ ያን ጉልበት ለአፍታ ተቀብሎ የሚያስቀምጠው ከጎናቸው ያለው ኮንደንሰር ነው። ኮንደንሰሩ ከደከመ እሳቱ ካንዴላው ላይ መዝለል ሲገባው እዚያው ነጥቦቹ መካከል ይዘልና ብረቱን እያቀለጠ ያሻግረዋል። ካንዴላው የሚደርሰው ትራፊ ነው።

«በሙቀት ጊዜ ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ» ስላቸው ሳቅ አሉ። «እንዲያማ ከሆነ አሙቀህ ለካው እንጂ።»

ግንቦት 16

ኮንደንሰሩን ፈትቼ በመልቲሜትር ለካሁት። ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ በረንዳው ጥላ ውስጥ፦ 0.22 ማይክሮ ፋራድ፤ ከነጥቦቹ ጋር ለሚሠራ ኮንደንሰር ከ0.2 እስከ 0.3 መካከል የተለመደ ስለሆነ እንከን የለበትም። በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ያለው ተቃውሞም ከመለኪያው ከፍተኛ ወሰን በላይ ነው። ይህን ልኬት ብቻ ያየ ሰው «ደህና ነው» ብሎ ይመልሰዋል።

ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ በወጥ ቤቱ ጣሪያ ቆርቆሮ ላይ አስቀመጥኩት። ቆርቆሮው እጅ አያስቀምጥም። ከሃያ ደቂቃ በኋላ በፒንሳ አንስቼ ስለካው ተቃውሞው ወሰን የለሽ መሆኑ ቀርቶ እየወረደ እየወረደ 300 ኪሎ ኦም አካባቢ ደረሰ፤ ኤሌክትሪኩን መያዝ የሚገባው ዕቃ እያፈሰሰው ነው ማለት ነው። ጥላ ውስጥ ሳቀዘቅዘው ቁጥሩ ተመልሶ ወጣ፤ ደግሜ ጣሪያ ላይ ሳወጣው ደግሞ ወረደ። ሦስት ጊዜ አመላለስኩት፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ለማረጋገጥ ሳይሆን ለደስታ ነበር።

ግንቦት 18

ለዚህ ሞተር የተሠራ ኮንደንሰር አላገኘሁም፤ አላስፈለገኝምም። ነጥብና ኮንደንሰር የጀልባ ብቻ አይደሉም፤ የድሮ መኪና ሁሉ አለው። ከ1960 እስከ 1975 በፈረንጆች አቆጣጠር የተሠራው ፔጆ 404 ሐረር ላይ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሆኖ ሲመላለስ ስለኖረ መለዋወጫው እዚያ አይጠፋም። ፈረስ መጋላ ወርጄ አንድ የፔጆ ሹፌር ብጠይቅ ከመኪናው ሳይወርድ የጠቆመኝ ሱቅ ውስጥ ሁለት ኮንደንሰር ገዛሁ። ባለሱቁ «ፔጆህ የት አለ?» ሲለኝ «ሐይቅ ላይ» አልኩት፤ ቀልድ መስሎት ሳቀ።

እዚያው ከመቀበሌ በፊት ለካሁ፤ አንደኛው 0.25፣ ሌላው 0.24። ቤት ስገባ ሁለቱንም ጣሪያ ላይ አወጣኋቸው፤ ሁለቱም አልደነገጡም።

የፔጆው ኮንደንሰር ርዝመቱ ከቮላኖው ሥር አያስገባም። ስለዚህ ከውጭ፣ ከሲሊንደሩ ጎን ባለው ብሎን ላይ አሰርኩትና ሽቦውን በተቻለኝ መጠን አሳጥሬ በጎማ ቀዳዳው በኩል ወደ ነጥቦቹ አስገባሁ። የታሰረበትን ቦታ ቀለም እስከ ንጹህ ብረት ፋቅሁ፤ አካሉ ከሞተሩ ጋር በደንብ ካልተገናኘ ኮንደንሰሩ የለም ማለት ነውና። ውጭ መሆኑ ደግሞ ከሙቀቱ አራቀው፤ ያላሰብኩት ጥቅም ነው። ነጥቦቹን እንደ አዲስ ሊያደርግ የሚችል ነገር ስለሌለ ጉብታዋን በቀጭን የጥፍር ሞረድ አስተካክዬ፣ በአልኮል በረጠበ ወረቀት ጠርጌ፣ ክፍተታቸውን በቮላኖው መስኮት በኩል ክዳኑ ውስጥ በተጻፈው መሠረት 0.35 ሚሊ ሜትር አደረግሁ።

ግንቦት 20

ሆን ብዬ ከቀኑ 9 ሰዓትን መረጥሁ። ሞተሩ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ነበር። ሰፈሩ በዚህ ሰዓት ጫቱን ይዞ ተቀምጧል፤ መንገዱ ላይ ሰው የለም። በሁለተኛው ጉተታ ተነሳ። ሃያ አምስት ደቂቃ አሠራሁት፣ አጠፋሁት፣ በአንድ ጉተታ አስነሳሁት፣ አጠፋሁት፣ ሩብ ሰዓት ትቼው ሙቀቱ ወደ ላይ ሲወጣ ደግሜ ሞከርኩ፤ በአንድ። አዛውንቱ በአጥሩ በኩል «ወርያ! እንተኛበት!» ብለው ሲጮኹ ነው ያቆምኩት።

የበርሜሉን ውሃ ሳፈስ ከግድግዳው ላይ ነጭ ቅርፊት ይዟል። የእኛ ውሃ ማንቆርቆሪያን የሚያደርገውን ሁሉም ያውቃል፤ ሞተሩ ውስጥ ብዙ ቀን እንዳይቀመጥ ቀጥ አድርጌ አቁሜ አፈሰስኩት።

ግንቦት 25፣ ሐረማያ

በደንገጎ ዳገት ወጥተን ደረስን። ጀልባው ላይ ታስሮ በሦስተኛው ጉተታ ተነሳ፤ ነገር ግን ጋዝ ሲሰጠው ይታነቃል፣ ጭሱ ወፍራም ነው፣ በዝግታ ሲሠራ ይጠፋል። ወዳጄ ፊቱ ጠቆረ። እኔ ግን ይህን ከድሬዳዋ ስነሳ ጠብቄው ነበር፦ ሐይቁ ያለው 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከቤቴ ጋር ሲነጻጸር አየሩ አንድ አሥረኛ ያህል ሳስቷል። ካርቡሬተሩ የሚያፈሰው ቤንዚን ግን በዚያው ልክ አልቀነሰም፤ ድብልቁ ቤንዚን በዝቶበታል። ካንዴላውን ፈትቼ ሳሳየው ጫፉ ጥቀርሻ ለብሷል።

በዚህ ካርቡሬተር ላይ የዝግታ ማስተካከያዋ ብሎን የምትቆጣጠረው አየሩን ስለሆነ ወደ ውጭ ስትላላ ድብልቁ ይቀጥናል፤ ቤንዚኑን በሚቆጣጠሩት ላይ ተቃራኒው ስለሚሆን ከመንካት በፊት የትኛዋ እንደሆነች ማየት ያስፈልጋል። ሩብ ዙር አላላሁ፣ ጥቂት ቆየሁ፣ ሌላ ሩብ አላላሁ። በግማሽ ዙር ሳይጠፋ መቆየት ቻለ። ለሙሉ ፍጥነት ደግሞ በአንድ ደረጃ ያነሰች ዋና መመጠኛ ያስፈልገዋል፤ እስክትገኝ ድረስ ሦስት አራተኛ ጋዝ ላይ በንጽህና ይሄዳል፤ ለመረብም ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

ያልተሠራው የማጥፊያ ቁልፉ ነው። አሁን በጊዜያዊነት አንድ የባጃጅ ቁልፍ አስሬለታለሁ፤ አሽከርካሪው ከጀልባው ቢወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋው ባለ ገመዱ ዓይነት እስኪገኝ ድረስ ብቻውን ወደ መሐል እንዳይገባ አስጠንቅቄዋለሁ። ሁለተኛውን የፔጆ ኮንደንሰር በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ከትርፍ ካንዴላና ከአንዲት ካቻቢቴ ጋር በሞተሩ ክዳን ውስጥ አሰርኩለት።